ክፍተቱን የበላው

ይህን ግራ ክንዴን ያየ ሰው ሁሉ ሚሊሺያ የሰበረኝ ይመስለዋል። እንዲመስለው ያደረግሁት እኔው ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ዋሸሁ። በክንዴ ቢራ ተጋብዣለሁ፣ "ዘገዬ እኮ ለጎረቤቱ ልጅ ብሎ አካሉን የሰጠ ሰው ነው" እየተባለ ሰርግ ቤት ከፊት ወንበር ተቀምጫለሁ። እንትፍ! ዛሬ እርሜን ላውጣ። አታቋርጡኝ ብቻ፤ ሲያቋርጡኝ ደሜ ይፈላል።

ነገሩ በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፣ ናዝሬት። የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ስሙን ተዉት። የየቀበሌውን ዝርዝር እየጻፈና እያባዛ የሚያድል ክፍል ነበረን። እኔ እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ታይፕ ስመታ ኖሬ፣ አንድ ቀን በእርዳታ የተገኘ ኮምፒዩተር መጣና "ማን ይሞክረዋል?" ተባለ። ማንም እጁን አላነሣ። እኔ አነሣሁ። ምነው እጄን በቆረጠው ኖሮ!

በዚያ ዘመን ጽሑፍ ማሳመር እንዲህ እንደዛሬው በአንድ ንክኪ አልነበረም። ማሽኑ ላይ የምትጽፈው ተራ ጽሑፍ ነው፤ አርእስቱም ስሙም ማስታወሻውም አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይጋደማል። ጸሐፊዎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አጻጻፍ ነበራቸው። አንዷ ስሙን ከዳር ትጀምራለች፣ አንዷ መሀል ላይ ታንጠለጥለዋለች። አለቃችን አቶ አብተው ወረቀቱን ባየ ቁጥር "ይሄ ዝርዝር ነው ወይስ የዶሮ ጭረት?" እያለ ይጮህብን ነበር።

ስለዚህ ምልክት አወጣሁ። በነጥብ የጀመረ መስመር አርእስት ነው። በኮከብ የጀመረ የሰው ስም ነው። በሰረዝ የጀመረ ከስሙ ሥር የሚገባ ማስታወሻ ነው። ከዚያ ይህን ምልክት እያነበበ ጽሑፉን በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም ልጽፍ ተነሣሁ። እነሱ እንደፈለጋቸው አዛብተው ይጻፉ፤ ፕሮግራሙ አርእስቱን መሀል ያመጣል፣ ለስሞቹ ተራ ቁጥር ይሰጣል፣ የአባትን ስም ከአባት ስም ትይዩ ያሰልፋል፣ ትርፍ የሆነውን ባዶ ቦታ ይጠርጋል። ማሽኑ ለእኔ የሚለቀቀው በምሳ ሰዓት ብቻ ስለነበር ሌላውን ጊዜ ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ነበር የምጽፈው። አራት ወር ምሳ የሚባል ነገር አልቀመስኩም።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ መልክ ይለውጣል እንጂ ነገር አይለውጥም። ሁለተኛው፣ አንዴ ያስተካከለውን መልሰህ ብትሰጠው አንዲት ነጥብ አይነካም። ሁለተኛውን መቶ ጊዜ ፈትኜዋለሁ። ያስተካከለውን መልሼ አጎርሰዋለሁ፣ ያው ይመጣል፤ ደግሜ አጎርሰዋለሁ፣ ያው ይመጣል። ብቻዬን እንደ እብድ እስቅ ነበር። የመጀመሪያውን ሕግ ግን አንድም ቀን አልፈተንኩትም።

አሁን ስለ ክፍተቱ ልንገራችሁ። የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ሲጻፍ፣ ከላይ የሚዘምቱት ይጻፋሉ። ከዚያ ጸሐፊዋ አራት መስመር ባዶ ትተዋለች። ከባዶው በታች የሚጻፉት አይነኩም፤ በሽተኛ፣ ወይም ለእናቱ አንድ የሆነ፣ እንዲህ ያለ። "ነጻ" ወይም "ይቅር" የሚል ቃል ለምን አይጻፍም ትሉኝ ይሆናል። ማን ይጻፈው? ቃሉን የጻፈ ሰው ነገ "በማን ትእዛዝ ነው ይቅር ያልከው?" ተብሎ ይጠየቅበታል። በባዶ ወረቀት ግን ማን ተጠይቆ ያውቃል? ቀበሌውም ሚሊሺያውም ይህን ያውቅ ነበር። ተነጋግረውበት አያውቁም፣ ግን ያውቃሉ። እኔ ራሴ በታይፕ ዘመኔ ያን ክፍተት ስንት ጊዜ ትቼዋለሁ።

የተከራየሁት ቤት የእማማ ዲንቄ ነበር። ባላቸው በሰባዎቹ መጀመሪያ ምሥራቅ ግንባር ቀርተዋል። ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት እየሸጡ ልጃቸውን ሁንዴን ለብቻቸው አሳደጉ። ሁንዴ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የከባድ መኪና መካኒክ፣ ክንዱ እንደ ግንድ፣ አፉ ግን የሴት ልጅ አፍ፣ ስድብ አያውቅም። ለእናቱ አንድ ስለሆነ ስሙ ሁልጊዜ ከክፍተቱ በታች ነው። እማማ ዲንቄ ፊደል አልቆጠሩም። ዝርዝር በተለጠፈ ቁጥር ግን ወደ ቀበሌው ሰሌዳ ይሄዱና ጣታቸውን ክፍተቱ ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ ወደ ታች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ይቆጥራሉ። ሦስተኛው መስመር ልጃቸው ነው። እፎይ ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ይመለሳሉ።

ፕሮግራሙ ሥራ የጀመረ ቀን፣ አብራኝ የምትሠራው ሰሊማ "ዘገዬ፣ ክፍተቱንስ ምን አደረግከው?" አለችኝ።

"ለክፍተቱም ምልክት አለው። ሁለት የእኩል ምልክት ጻፊ፣ እሱ ይከፍተዋል። ግድግዳው ላይ ለጥፌላችኋለሁ፣ ዓይን የላችሁም?" አልኳት።

"እጃችን እኮ የለመደው አራት ጊዜ መስመር መዝለል ነው።"

"እንግዲያው እጃችሁን አስተምሩት!"

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ለምን አትመለስ? እንዲህ ነኝ እኔ፤ ሥራዬን የነካ ዓይኔን የነካ ይመስለኛል። እነሱም እንደለመዱት አራት መስመር እየዘለሉ ጻፉ። ፕሮግራሜ አራቱን ባዶ መስመር ትርፍ ነው ብሎ ጠረገው። ከላይ አርባ ሦስት፣ ከታች አምስት የነበረው ስም፣ ከአንድ እስከ አርባ ስምንት ተሰልፎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ አምሮ ወጣ። አቶ አብተው ወረቀቱን አንሥቶ "ይሄ ነው ሥራ!" አለና ፈረመበት። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ዝርዝሩ ዓርብ ተለጠፈ። ቅዳሜ ጠዋት እማማ ዲንቄ ከገበያ ሳይደርሱ ተመለሱና ግቢው መሀል ያዙኝ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል።

"ዘገዬ ልጄ፣ ክፍተቱ የት ሄደ?"

"የቱ ክፍተት እማማ?"

"ጣቴን ማሳርፍበት አጣሁ። ከላይ እስከ ታች ድፍን ነው።"

ሁንዴም ከኋላቸው ቆሟል። አንድ የሸራ ቦርሳ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። "እኔም አይቼዋለሁ። አርባ ስድስት ቁጥር ተሰጥቶኛል። ድሮ ከክፍተቱ በታች ቁጥር አልነበረንም። ቡልቡላ አጎቴ ጋ ሰንበት ልበል እንዴ፣ ምን ትላለህ?" አለኝ።

 እውነቱን ልናገር አይደል? ያኔ የሰሊማ ነገር ትዝ አለኝ። "ቆይ፣ ሰኞ ቢሮ ገብቼ ልይ፤ እስከዚያ ሂድ ቡልቡላ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ሥራዬን መሃይም ሴትዮና ግሪስ የጠጣ መካኒክ ሊያርሙት ነው ብዬ ተናደድኩ። እኔ!

"አዲሱ ማሽን አሳምሮት ነው። ቁጥሩን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። እኔ እያለሁ ምን ያስፈራሃል? ቦርሳህን መልስ!" አልኩት።

እማማ ዲንቄ ፊቴን አዩት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ጉንጬን ይዘው መረቁኝ። ሁንዴ ቦርሳውን መለሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።

ሰኞ ጠዋት መጡ። አምስት ሚሊሺያዎች ነበሩ። ሁንዴ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብሎ ፊቱን እየታጠበ ነበር፤ ዓይኑ በሳሙና ተሞልቷል። አንዱ ከኋላ አንገቱን ያዘው። ልጁ ሌባ መስሎት መሰለኝ፣ ዞር ብሎ በክርኑ መታው። የሚሊሺያው አፍንጫ ሲሰበር እኔ በመስኮት ሆኜ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ምኑ ይነገራል! በጠመንጃ ሰደፍ ማጅራቱን አሉት። ወደቀ። ተነሣ። ደግመው አሉት። ቧንቧው ሥር ያለው ሲሚንቶ ላይ ጥርሶቹ ሲረግፉ፣ ሳሙናውና ደሙ አንድ ላይ አረፋ ሠርቶ ወደ ቦዩ ወረደ።

እማማ ዲንቄ እየጮሁ እግሩ ላይ ተጠመጠሙ። "ኢልማ ኮ! ልጄ ነው! አንድ ነው! ከታች ነው ያለው!" አንዱ ሆዳቸውን በጫማው ረገጣቸው። አልለቀቁም። ፊታቸውን ረገጠው። አሁንም አልለቀቁም፤ ሁለቱንም እየጎተቱ እስከ በሩ ወሰዷቸው። እኔ የጢም ሳሙና ፊቴ ላይ እንዳለ ወጣሁ፣ "ስህተት ነው! ይህ ልጅ አይነካም!" እያልኩ። መሪያቸው አንድ ወረቀት ከኪሱ አወጣና አፍንጫዬ ላይ ደቀነው።

"አርባ ስድስት። ሁንዴ። ታነባለህ አይደል?"

የኔ ወረቀት ነበር። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ስሙ ከስም፣ የአባት ስሙ ከአባት ስም፣ ልክ በመስመሩ።

እየሮጥኩ ቢሮ ሄድኩ። ሰሊማ የጻፈችው ኦሪጅናል ዲስኬቱ ላይ ነበር፤ ከፈትኩት። አርባ ሦስት ስም፣ አራት ባዶ መስመር፣ አምስት ስም። ክፍተቱ ቁጭ ብሎ እያየኝ! ፕሮግራሙን ሳላስነካ እንዳለ አተምኩትና ወደ አቶ አብተው ገባሁ። ወረቀቱን አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ቁጥሩ ዓርብ ዕለት ወደ በላይ አካል ተላልፏል፤ አርባ ስምንት ተብሏል። አርባ ሦስት ብንል ጉድለቱን ከማን ሊያሟሉት ነው? ካንተና ከኔ!" አለኝ።

ኮሌታውን ይዤ ከወንበሩ አነሣሁት። ከግድግዳው ጋር አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አጋጨሁት። መነጽሩ ወድቆ ከእግሬ ሥር ተንኮታኮተ። ሰሊማ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። አቶ አብተው ትንፋሹ እየተቆራረጠ "ያስተካከልከው አንተ አይደለህም እንዴ?" አለኝ። ለቀቅሁት። ወረቀቴን አንሥቼ ወጣሁ።

የታፈሱት ከከተማው ዳር አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር የታጎሩት። በሩ ላይ እናቶች ተደርድረው ያለቅሳሉ፤ አንድ ወታደር በቀበቶ እየገረፈ ይበትናቸዋል። ወረቀቴን ከፍ አድርጌ "ኃላፊውን አገናኙኝ!" ብዬ ጮህኩ። አንድ መቶ አለቃ ወጣ፤ ጎልማሳ፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ያለው። አስረዳሁት። ክፍተቱን በጣቴ አሳየሁት።

"እዚህ ባዶው ላይ ምን ተጽፏል?" አለኝ።

"ምንም። ባዶ ነው። ትርጉሙ ግን..."

"ምንም ካልተጻፈ በምን ልታዘዝ? አሁን ይዘኸው የመጣኸው ወረቀት ፊርማ የለው፣ ማኅተም የለው። የኔ ማኅተም አለው።"

"የርስዎን የሠራሁት እኔ ነኝ እኮ!"

"እንግዲያው እጅህ ይባረክ፣ ቆንጆ ነው" አለና ሊገባ ዞረ።

እጅጌውን ያዝኩት። እሱን ነው የማስታውሰው፣ ሌላው ተቀላቅሎብኛል። የአንዱ ወታደር ሰደፍ ጎኔ ላይ አረፈ፣ ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰበረ። ወድቄ እንኳ አልተዉኝም፤ በጫማ ጭንቅላቴን አሉት፣ አፌ በደምና በአፈር ሞላ። ክንዴን ግን አልነኩትም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ስነቃ ሁለት የጭነት መኪናዎች ልጆቹን ሞልተው እየወጡ ነበር። ጎኔን ደግፌ ተነሣሁና ተከተልኳቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። የባቡሩ ሐዲድ ጋ ሲደርሱ ቀስ አሉ። ሁንዴ የኋላው መኪና ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። በሌላው ዓይኑ አየኝ።

"ዘገዬ!" አለ። የጥርሱ መርገፍ ድምፁን ለውጦታል። "ለእማዬ ቡልቡላ ሄዷል በልልኝ!"

ከዚያ ዘለለ። ሐዲዱ ላይ በጉልበቱ ወረደ፣ ተነሣ፣ ወደ ቁልቋሉ አጥር ሮጠ። ሦስት ጊዜ ተተኮሰ። የመጀመሪያው ጀርባው ላይ ሸሚዙን ከፈተው። ሁለተኛው የት እንደገባ አላየሁም። ሦስተኛው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ ተፈረከሰ። ገና በእግሩ ይራገጥ ነበር። አንድ አሥር አለቃ ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ገለበጠውና ለጓደኞቹ፣

"ጫኑት! አርባ ስምንት ብለን ፈርመን አርባ ሰባት ልናስረክብ ነው?" አላቸው።

እጅና እግሩን ይዘው ወረወሩት፣ በሕይወት ያሉት ልጆች ጭን ላይ። ልጆቹ ሲጮሁ መኪናው ሄደ። ሬሳውን እንኳ አላገኘንም። ሐዲዱ ላይ የቀረው አንድ እግር ጫማው ነበር፤ እሱን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እማማ ዲንቄ ግቢው መሀል ሙቀጫው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው አብጦ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል። ጫማውን እግራቸው ሥር አኖርኩና ተንበረከክሁ። ሁንዴ ያለኝን ልል ነበር። ቡልቡላ ሄዷል፣ አመለጠ፣ ደህና ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ ጫማ አለ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ክፍተቱን ፕሮግራሜ እንደጠረገው፣ እንደተተኮሰ፣ ለቁጥር ብለው እንደጫኑት። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ቅዳሜ ስጠይቅህ፣ ታውቅ ነበር?"

"ሰሊማ አስጠንቅቃኝ ነበር" አልኩ።

ዘነዘናውን አነሡ። በሁለት እጃቸው። የመጀመሪያውን ለጭንቅላቴ ነበር የሰነዘሩት፤ ግራ እጄን አነሣሁ፣ ክርኔ ላይ አረፈ። እንደ ደረቅ እንጨት ጧ አለ። ደገሙኝ፣ እዚያው ላይ። አጥንቱ ሥጋዬን ቀዶ ወጣ፣ ነጭ ነው፣ አየሁት። ቆሜ ተቀበልኩ እንዳልላችሁ! እንደ ውሻ እያለቀስኩ ልሸሽ ስድህ የኋላው ግድግዳ ያዘኝ። ሦስተኛው ጣቶቼን ከግድግዳው ጋር ጨፈለቃቸው። "ክፍተቱን በላው! ልጄን በላው!" ይላሉ በየመሀሉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም።

ጎረቤት በሩን ሰብሮ ገባ። "ምን ጉድ ነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?" አሉኝ። ጎኔ የተሰበረ፣ ፊቴ በጫማ የተረገጠ መሆኑን ያያሉ።

"ሚሊሺያ" አልኩ።

"እኔ ነኝ!" አሉ እማማ ዲንቄ፣ ዘነዘናውን እንደያዙ። "እኔ ነኝ የሰበርኩት! ክፍተቱን በላው እኮ!"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ገሠሠ የሚባለው ጎረቤታችን ዘነዘናውን ቀስ ብሎ ከእጃቸው ወሰደና "ወይኔ፣ ሐዘኑ አናታቸው ላይ ወጣ። ክፍተት ይበላል እንዴ?" አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም! በማግስቱ ጠበል ወሰዷቸው። አልሄድም እያሉ ሲታገሉ አንድ እጃቸውን ይዤ የጎተትኩት እኔ ነበርኩ፣ በደህናው ክንዴ።

ፕሮግራሙን አረምኩት። ማስተካከያው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ክፍተት ሲያይ እንዳይነካው። አቶ አብተው በአዲስ መነጽር አየውና "አሁንም ያምራል" አለ። ከክፍተቱ በታች የነበሩት ሌሎቹ አራቱ ልጆች ግን ከማሠልጠኛው አልተመለሱም።

እማማ ዲንቄ ሃያ ሰባት ዓመት ገበያው ውስጥ እየዞሩ እውነቱን ተናገሩ። "ክፍተቱን በላው" ሲሉ ልጆች ይከተሏቸውና "ምን በላ እማማ? ድገሙልን!" እያሉ ይስቃሉ። ወረቀት የተለጠፈበት ግድግዳ ባዩ ቁጥር ቆመው ጣታቸውን ያሳርፋሉ፣ ሦስት ይቆጥራሉ፣ ሦስተኛውን መስመር ይስማሉ። የሆቴል ማስታወቂያ ይሁን የለቅሶ። እኔ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር።

ባለፈው ሰኔ አረፉ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ "ተገላገሉ፣ አእምሯቸው እኮ ከሄደ ቆየ" ይላል። አልቻልኩም። ተነሥቼ ቆምኩ። "አላበዱም!" ብዬ ጮህኩ። "ክንዴን የሰበሩት እሳቸው ናቸው! ክፍተቱን የበላሁት እኔ ነኝ!"

 ገሠሠ፣ አሁን ሽማግሌ ሆኗል፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣና በዚያችው በተሰበረችው ክንዴ ይዞ አስቀመጠኝ።

"አይዞህ ዘገዬ፣ አንተም ብዙ ችለሃል" አለኝ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይሄም እንደሳቸው ጀመረው። ነገ ጠበል እንወስደዋለን። ለጊዜው ውሃ አምጡለት።"